ለአሮጊቷ ጀልባ ሞተር ፍለጋ

የአክስቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው አምስት ሰው በምትይዝ የእንጨት ጀልባ ነው። ጀልባዋ ከሽርሽር በቀር ለሥራ ውላ አታውቅም። እሱ ሲያወራላት ግን መርከብ ያለው ይመስላል።

አክስቴን እግሮቿ ከከዷት ስድስት ዓመት ሆነ። ቤት ውስጥ ኑሮዋ አንሷት፣ አዙሯት፣ አስቀምጧት ነው። ጀልባዋ ላይ ግን ከኋላ ተቀምጣ የሞተሩን እጀታ የምትይዘው እሷ ናት። ካፒቴን ከፊት ሆኖ "ወደ ግራ!" እያለ ይለፈልፋል፤ እሷ ወደ ቀኝ ትነዳታለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰው የሚሸከማት መሆኗ ቀርቶ ሰው ይዛ የምትሄድ ትሆናለች። ሞተሩ ሲሞት ያ ቀንም አብሮ ቀረ።

ምትክ ፍለጋው ስምንት ወር ፈጀ። አንዱ ነጋዴ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ሊያሸክመን ሞከረ፤ "ያው ሁለቱም ውሃ ውስጥ ነው ሥራቸው" አለን ሳያፍር። ሌላው "ሰኞ ይመጣል" እያለ አራት ሰኞ አስቆጠረን። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አክስቴ ግን በየማታው ትጠይቃለች፤ ካፒቴን ደግሞ ለእሷ መዋሸት አይችልበትም።

በመጨረሻ አንድ ሻጭ በስልክ ተገኘ። "እግረ ረጅም ሞተር ነው፤ ዘንጉ ወደ ውሃው ረዘም ብሎ ይወርዳል፤ የጀልባችሁ ጀርባ ከፍታው ስንት ነው?" አለ። ካፒቴን ሮጦ ለካና "ልክክ ይላል!" ብሎ ጮኸ። የለካው ግን ከነጭማሪው ነው። ከዓመታት በፊት የውሃ አረም ሞተሩ ላይ እየተጠመጠመ ሲያስቸግረው፣ ሞተሩን ከፍ ለማድረግ የኋላው ሳንቃ ላይ ወፍራም ጣውላ ደርቦ፣ በሚስማር መትቶ፣ ቀለም ቀብቶት ነበር። ያን ቀን ሰፈሩን ጠርቶ ነው ያሳየው።

ሞተሩ የመጣ ዕለት ሊገጥመው ጀልባዋ ጋ የጠራነው መካኒክ ጎንበስ ብሎ ጣውላውን በመዶሻው እጀታ አንኳኳ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ይቺን የመታት ማነው?"

"እኔ ነኛ! ምነው፣ አላማረችም?"

"እሷማ ምን ትሆናለች። ከሥሯ ያለውን ልይ ብዬ ነው።"

ነቀላት። የሥሩ ሳንቃ እንደ ራሰ ዳቦ እጁ ላይ ተፈረፈረ። በሚስማሮቹ ቀዳዳ የገባ ውሃ ስንት ዓመት ሲበላው ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በየሳምንቱ የሚወለውላት ጀልባ መበስበሷን ካፒቴን አላወቀም።

"ሳንቃው ቢቀየርስ?" አልኩ።

መካኒኩ ጎንና ጎኗን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገ። እስከ እጀታው ገባ።

"ምኑ ላይ ላስረው ወንድሜ? ጎኗም አልቋል። ይህን ሞተር ብሰቅልባት ይዟት ነው የሚሰምጠው።"

ካፒቴን የተነቀለውን ጣውላ አንስቶ አገላበጠው።

"እኔው ነኝ የገደልኳት" አለ።

ያለው እውነት ነበር።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ጎረቤቷን አልብሺኝ ብላ ለምና ከጠዋት ጀምሮ የነፍስ አድን ሰደርያዋን ለብሳ ኖሯል፤ ብርቱካንማውን፣ ማሰሪያው ሁሉ ተቆልፎ። ካፒቴን በሩ ላይ ቆመ። እሱን አየችው፤ ቀጥላ እኔን።

"ሞተሩ አልመጣም?"

"መጥቷል" አለ። የተነቀለው ጣውላ አሁንም እጁ ላይ ነው።

ጣውላውን አየችው። ከዚያ እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሳች።

"ና ፍታልኝ" አለችው። "ጠቦኛል።"