ከወፍጮ ቤቱ እስከ በራችን

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ተቀምጬ ሳለ አንዲት አሮጌ መኪና በፊቴ አለፈች። የኋላ በሯ ላልቷል። መንገዱ ላይ ያለችውን ጉብታ ስትወጣ ቋ፣ ቋቋ፣ ቋ አለች። ምን ልበልሽ፣ ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ። ቀኝ እጄ መቀርቀሪያ ሊስብ ወደ ፊት ተዘርግቷል። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ አውቶቡሱ የመጣ መስሏቸው እሳቸውም ተነሱ። አፈርኩና ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እዚህ ሀገር የሚንኳኳ መኪና ብርቅ ነው። የሁሉም የኋላ በር ቁልፍ ሲነኩለት ራሱ ቀስ ብሎ ይከደናል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አይሰማም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ቡራዩ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ የሚነዳትን መኪና ከሟች ወንድሙ ነው ያገኛት። የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ የበላው፣ ውስጧ ሁልጊዜ መድኃኒትና የጋለ ጎማ የሚሸት ትንሽ መኪና። ከአምቦ መንገድ ወጥቶ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲታጠፍ አስፋልቱ ያልቃል። ከዚያ እስከ እኛ በር ድንጋይ የተደለደለበት ዳገት ነው። የኋላ በሯ መንኳኳት የሚጀምረው እዚያች መታጠፊያ ላይ ነው። አመሻሽ ላይ፣ የወፍጮው ሞተር ከጠፋ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

እናቴ ምንም ሥራ ላይ ብትሆን ጆሮዋ እዚያ ነው። «ተነሺ፣ አባትሽ ታጠፈ» ትለኛለች። እሷ ሽሮውን እሳት ላይ ትመልሳለች፣ እኔ ወደ ግቢው በር እሄዳለሁ። ከወፍጮ ቤቱ እስከ በራችን አንድ አባታችን ሆይ ያስደርሳል፤ የለካችው እናቴ ናት። ቀድሜ ከከፈትኩ ውሻችን ያመልጣል፤ ከዘገየሁ ደግሞ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ስለዚህ መቀርቀሪያውን ይዤ ጸሎቱን ሳልቸኩል አደርስና «አሜን» ስል እስበዋለሁ። መብራቷ ፊቴ ላይ ይበራል። አባቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «በረኛዬ» ይለኛል።

እኔ ግን አፍርበት ነበር። አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ በዚያ ዕድሜ የማያሳፍር ነገር አለ? ጠዋት አባቴ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያወርደኝ ልጆቹ ሁሉ ይዞራሉ።

«አባትሽ ወፍጮውን ጭኖ ነው እንዴ የሚሄደው?» ትለኛለች አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ።

ሌላዋ ትቀበላለች፤ «ኧረ ተያት፣ ሙሽራ ይዘው እየመጡ ነው። ከበሮው አይሰማሽም?»

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር አሠራት» እያልኩ ነዘነዝኩት።

«እሷ ዝም ካለች እናትሽ በምን ታውቀኛለች?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ለፋሲካ ልብስ አልፈልግም፣ እሷን ብቻ ዝም አሰኝልኝ አልኩት። ያን ጊዜ መሳቁን ተወ።

በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ሊጠግናት ተነሳ። የኋላ በሩን ከፍቶ በመጥረጊያ እንጨት ደገፈው፤ ራሱን ችሎ መቆም ከተወ ቆይቷል። እኔ እንጨቱን ይዣለሁ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀ። ካረጀ የጎማ ከመነዳሪ ላይ ቁራጭ ቆርጦ ዙሪያውን ለጠፈ። የማስቲሹ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዘጋና በክንዱ ገፋ አደረገው። ቋ። ደግሞ ፈታ፣ ደግሞ አጠበቀ። ቋ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ።

ይሄን ጊዜ ጎረቤታችን መጡ። ሰፈሩ በሙሉ በኦሮምኛ ኦቦ ነው የሚላቸው። ቤታችን የቆመበት መሬት ድሮ የእሳቸው ማሳ ነበር፤ ከጓሯችን በኩል የቀረችውን እስከዚያ ጊዜ በበሬ ያርሱ ነበር።

«አካም ቡልተን?» ብለው ከበሩ ሰላምታ ሰጡ።

«ነጋ፣ ኦቦ። ይግቡ፣ ይህቺ ጉድ አስቸገረችን።»

«ገብሴ ላይ መተኛታችሁ ሳያንስ ሌላውንም ትቀሰቅሱታላችሁ!» አሉና ጎንበስ ብለው በሩን በመዳፋቸው ገፋ፣ ለቀቅ አደረጉት። «ይሄ ብሎን አይደለም የቸገረው። ላልቷል። ሞፈርና ቀንበርም ሲላላ እንዲሁ ነው የሚጮኸው። ቆዩኝ።»

ውሃ የተሞላ ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ውስጡ የተዘፈዘፈ የበሬ ቆዳ ጠፍር አለ። የበሩ ቁልፍ የሚነክሳትን የብረት ቀለበት በእሱ ጠመጠሟት፤ ጫፉን በጥርሳቸው ሳቡት።

«እርጥቡን ነው የሚያስሩት» አሉ። «ሲደርቅ ራሱ ያጠብቃል። እስከ ሰኞ እንዳትከፍቱ።»

እናቴ ከማድቤቱ ደጃፍ፣ «ኧረ ኦቦ፣ በጾም የከብት ቆዳ!» አለች።

«አይዞሽ፣ ትነክሰዋለች እንጂ አትውጠውም።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

ሰኞ መኪናዋ ዝም አለች። ሳምንት ሙሉ የሰፈሩ ውሾች ቆዳው እየሸተታቸው ከኋላዋ ከመከተላቸው በቀር ያያትም የሰማትም የለም። አባቴ በራችን ላይ ሲደርስ ክላክስ ማድረግ ጀመረ። እናቴ በየማታው ትደነግጣለች፤ ሽሮው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወደ እኛ ሊዘልቅ ነው ተባለ። ኦቦ ከአባቴ ጋር አጥሩ ሥር ቆመው፣ «ያቺን ካርታ የሣላት ሰው በሬዎቼ የት እንደሚቆሙ ጠይቆኛል?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወጣቶቹ ለተቃውሞ መንገድ ላይ ወጡ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአምቦ መንገድ በኩል ጥቁር የጎማ ጭስ ወጣ። ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎም ተኩስ። ስልክ አይሠራም። አባቴ አልገባም። እናቴ የግቢውን በር ቆልፋ ከኋላው ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ውዳሴ ማርያም ይላል፣ ጆሮዋ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው። የእኔም። በፍርሃት መጠገኗን ረስተን ቋቋታውን ነው የምንጠብቀው፤ ምን ያህል እንደለመድነው እዪልኝ።

መኪና ዳገቱን ወጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ክላክስ አደረገ። ልነሳ ስል እናቴ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ተቀመጪ። የእሱ አይደለም፤ የእሱ ይንኳኳል።»

እኔም አመንኳት። ዝም ያሰኘኋት እኔ፣ አመንኳት። ሁለተኛ ነፋ። ሦስተኛ። ከዚያ መስታወት ሲረግፍ ሰማን። ወዲያው የኦቦ ድምፅ መጣ።

«ነመ ኬኛ! ነመ ኬኛ! የኛ ሰው ነው! ጎረቤቴ ነው!» በራችን በዱላ ተደበደበ። «ክፈቱ እንጂ! በገዛ አባትሽ ላይ ነው የቆለፍሽው!»

ከፈትኩ። አባቴ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ፀጉሩ ላይ የመስታወት ስብርባሪ ያበራል፤ ከጆሮው ሥር ደም ይወርዳል። አየኝ። «በረኛዬ» አላለኝም። ከኋላው ኦቦ ለተሰበረው መስታወት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን በሁለት ክንዳቸው ዘርግተው፣ ድንጋይ ከያዙት ወጣቶች ፊት ቆመዋል።

እናቴ እያለቀሰች ስብርባሪውን ከፀጉሩ ለቀመች። ኦቦ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ነኝ በቆዳዬ ድምፅህን ያፈንኩት» ይላሉ። አባቴ፣ «ኦቦ፣ ዛሬ ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት» ይላቸዋል። ያስጠገንኳት እኔ ነኝ ለማለት አፍ አጣሁ። አባቴ ያውቃል፤ አንድም ቀን አላነሳብኝም። በማግስቱ ከወጣቶቹ አንዱ ሊያየው መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ያ ድምፅ ቢኖር እኮ እናውቅዎት ነበር» አለው።

አባቴ ጠፍሩን በቢላ ቆርጦ ለኦቦ መለሰላቸው። መንገድ ተከፍቶ ሥራ የገባ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ መኪናዋ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቋ፣ ቋቋ አለች። እናቴ «ተነሺ» ሳትለኝ ተነሳሁ። ጸሎቴ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ። በሩን ስከፍት አባቴ መስኮቱን አወረደ።

«ሰማሽኝ?» አለኝ።

«ሰማሁህ፣ አባዬ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት እስከኖርኩ ድረስ በየማታው እንዲሁ ይጠይቀኛል፣ እንዲሁ እመልስለታለሁ።

ዛሬ ኦቦም ማሳቸውም የሉም። አባቴ ሲያርፍ እኔ እዚህ ነበርኩ፤ አልደረስኩም። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። እናቴ አትሸጣትም።

ትናንት ከአውቶቡሱ እንደወረድኩ ደወልኩላት። እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ድንገት በስልኩ ውስጥ ቋ፣ ቋቋ፣ ቋ የሚል ሰማሁ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዶሮዎቹ ይሆናሉ።»

ዶሮ የላትም፤ ሸራውን ገልጣ የመኪናዋን የኋላ በር እየገፋች መሆን አለበት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በልቤ አባታችን ሆይ ጀመርኩ፤ ሳልቸኩል። ድምፁ አላቋረጠም። «አሜን» ስል ቆመ።

«ሰማሽው?» አለችኝ።

«ሰማሁት፣ እማዬ።»