አደራ የተባልኩት ሻንጣ

አምቦ ውስጥ ሙዚየማችን የተከፈተው በአሮጌው የአውቶቡስ መናኸሪያ ቤት ነበር። እኔም ቀድሞ እዚያው የመንገደኛ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። መናኸሪያው ሌላ ቦታ ሲዛወር የአውራጃው ባህል ክፍል ቤቱን ተረከበ፤ ጦር፣ ጋሻና የድሮ ኮርቻ ሰብስቦም እኔን አስጎብኚ አደረገኝ።

ከዕቃ ክፍሉ ያልወጣ አንድ ቡናማ ሻንጣ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ አንዲት ወጣት አስተማሪ ከባኮ መጥታ፣ ወደ አገሯ ወደ ሸነን የሚሄድ መኪና እስክታገኝ፣ "ወንድሜ፣ አደራ ይህን እይልኝ" ብላ የሰጠችኝ ነው። ከበሩ ሳትርቅ ሁለት ታጣቂዎች ክንዷን ይዘው ላንድሮቨር ውስጥ አስገቧት። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሻንጣውን ከጆንያ ሥር ደበቅኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሙዚየሙ ሊከፈት ሲል ኃላፊዬ አገኘውና "የጥንት መንገደኛ ዕቃ" የሚል ጽሑፍ ለጥፎ መደርደሪያ ላይ አኖረው። የጥንት! ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ብቻዬን ስሆን ጀርባዬን አልሰጠውም።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት ገቡ። ጋሻውንም ጦሩንም ሳያዩ አልፈው ሻንጣው ፊት ቆሙ። እጀታው ላይ የታሰረውን ቀይ ክር በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄን አይተሃታል?"

አላየሁም ማለት እችል ነበር።

"አይቻታለሁ፣ አዴ፣ እናቴ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንገቴን መድፋቴንም ጭምር። አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። ሻንጣውን አውርጄ "ይውሰዱት" ስላቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አደራ የተባልከው አንተ ነህ። ስትመጣ የምትጠይቀው አንተን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጡ ቁጥር ብቅ እያሉ፣ ሻንጣውን አይተው ይሄዱ ነበር። እኔም ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በሩን አያለሁ።

መንግሥት በወደቀ ሰሞን ቤቱ ተዘረፈ። ጦሩም ሻንጣውም ሄደ። እናትየው ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ሸነን፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘኋቸው።

"ሻንጣው የለም፣ አዴ" አልኳቸው።

እጃቸው ቀጥ አለ። ፊታቸው በራ። "መጥታ ወሰደችው?"

ሌባ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

"ከስታለች?" አሉኝ።

"አልከሳችም" አልኩ።

ተነሥተው ወተት ቀዱልኝ። ጠጣሁት።