በነጠላ የተቋጠሩት ሁለት ሹሞች

ይቅር በሉኝ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ነው፤ የተጣመመውን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። የደመቀችን ነገር የሚጽፍ ሰው ቢጠፋ ጊዜ ነው መድፈሬ።

ደመቀች ከጎንደር ወጥታ፣ በሱዳን ዞራ፣ እስራኤል አገር ፔታህ ቲክቫ ከተማ የገባች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ከተማ ጋኔይ ቲክቫ የሰው ቤት ትጠርጋለች። ዐይን አፋርነቷ ለጉድ ነው። አውቶቡስ ላይ የመውረጃውን ደወል መንካት ታፍራለች፤ ሌላ ሰው እስኪደውል ስትጠብቅ ስንት ጊዜ ሰፈሯን ስታ ክፋር ጋኒም ድረስ አልፋ በእግሯ ተመልሳለች።

ልጇ ሸጋ ከሰዓት በኋላ ከኛ ልጆች ጋር ዕብራይስጥ ትማር ነበር፣ ሚርያም የምትባል አስተማሪ ዘንድ። ማንበብ ስትጀምር የሱቁን ሁሉ ስም እያነበበች እናቷን መንገድ ላይ ታቆማት ገባች። ደመቀች በደስታ ልትበር ነው። ይሄኔ መንግሥት ወጪ ይቀንስ ተባለና የትምህርት ቤቱ በር ቀትር ላይ ይቆለፍ ጀመር። አስተማሪዋ የትምህርት ሚኒስቴሩ ናት፤ በሩና ዘበኛው የኢሪያ፣ የከተማው አስተዳደር። አስተማሪ አለች፣ በር የለም። ሚርያም ልጆቹን ግቢ ውስጥ ስታስተምር ሰነበተች። ዝናብ ሲገባ ግን፣ በሩ ካልተከፈተ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልትዛወር ነው ተባለ።

አንድ ቀን በሩ ሳይቆለፍ ወላጅ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ከሚኒስቴሩ መፈቀህ፣ ማለት ተቆጣጣሪው፣ መጣ፤ ከኢሪያ ደግሞ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሽሙኤል የሚባል ሰው። ቀደም ብሎ አገሩን የለመደው ካሣ አስተርጓሚ ሆነ።

«በሩ የኢሪያ ነው» አለ መፈቀሁ።

«የከሰዓቱ ትምህርት የማን ነው? የሚኒስቴር። በሩም የዚያው ነው» አለ ሽሙኤል።

«ዘበኛ የሚቀጥረው ኢሪያ ነው።»

«ደሞዙን ስደዱልንና እንቅጠር።»

ካሣ መተርጎሙ ታከተውና «ያው ነው፤ ያው የቅድሙ ነው» ይል ጀመር።

ሽማግሌው አባ ብሩ «ወንድማማች ናቸው እንዴ? የርስት ክርክር ይመስላል» አሉ። ሴቶቹ ተንከተከቱ።

መፈቀሁ ሰዓቱን አይቶ ካፖርቱን ለበሰ። ሽሙኤልም ተነሣ። በየመኪናቸው ሊሄዱ፣ በሩ እንደተቆለፈ ሊቀር ሆነ። ደመቀች ያን ጊዜ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን አወረደች፤ አንዱን ጫፍ በመፈቀሁ ካፖርት ቁልፍ ቀዳዳ አሾልካ፣ ሌላውን በሽሙኤል ቀበቶ አዙራ፣ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ መፈቀሁ።

አባ ብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንገረው ካሣ። ባገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነው የሚሄዱ። ቁራኛ ይባላል። አንዱ እንዳይጠፋ ነው። ደግ አደረገች።»

«ዳኛው የት ነው?» አለ ሽሙኤል።

«እሱንማ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ትናንት የመጣን ነን።»

ሽሙኤል በሳቅ ፈረሰ። መፈቀሁ ተቆጥቶ ወደ ውጭ ቢራመድ ሽሙኤልን ጎተተውና ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀረቀሩ። በዚህ እሱም ሳቀ። ሚርያም ሳቋ አላቆም ብሏት ጠረጴዛ ይዛ ቀረች። እንደ ጥማድ በሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ ሄዱና አንዷን ስልክ እየተቀባበሉ ለየአለቃቸው ጮኹ። ወላጁ ኮሪደሩን ሞልቶ ይጠብቃል፤ አንዱ «ያላ፣ ያላ፣ ሂዱ» እያለ በሬ እንደሚነዳ ያፏጫል።

ሲመለሱ ሽሙኤል «በሰደር፣ ይሁን» አለ። «መብራቱ የኢሪያ፣ ሚርያም የሚኒስቴር። ለከሰዓት ዘበኛ ግን ማንም ገንዘብ የለውም። ቁልፉን ከወላጅ አንድ ሰው ይያዝ።»

ሁሉም ወደ ደመቀች ዞረ።

«ኧረ እኔ አልችልም እቴ» አለችና ፊቷን ልትሸፍን ነጠላዋን ብትፈልግ፣ ነጠላው ሹሞቹ ላይ ነው። መሸሸጊያ ብታጣ ቁልፉን ተቀበለች።

«አሁን ፍቱን» አለ መፈቀሁ።

«ዋስ ይጥራ» አሉ አባ ብሩ።

ሚርያም ለመፈቀሁ ዋስ ሆነች። ለሽሙኤል ዋስ ቢጠፋ፣ ራሱ መፈቀሁ ሆነለት።

በማግሥቱ ደመቀች ፀሐይ ሳትወጣ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። የቁልፉ ሥራዋ ከቀትር በኋላ ነበር። በሩን ከፈተች፤ ቆለፈች፤ ደግሞ ከፈተች። የጠዋቱ ዘበኛ መጥቶ ምን ታደርጊያለሽ ቢላት «እየተማርሁ ነው» አለችው። አንዴ ደግማ ቆለፈችና ወደ ጋኔይ ቲክቫው አውቶቡስ ሮጠች።