ለቡችላ ዓይን የለመንኩት ወተት

ይህ ነገር የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። መሬት ተከፋፍሎ ላሊበላ አጠገብ ከአሸተን ማርያም ገዳም በታች ካለው ቁልቁለት ድርሻዬ ደርሶኝ፣ ጎጆ በወጣሁ ሰሞን። በዕድሜዬ ክፉውንም ደጉንም አይቻለሁ፤ የረሳሁትም ብዙ ነው። ይቺን ግን አልረሳኋትም። ትንሽ ነገር ናት፤ የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ስትሄድ አደራ ያለችኝ ስለ እህሉም ስለ ቤቱም አይደለም፤ ስለ ቡላ ነው። ቡላ ቡችላዋ ነው። ዓይኑን ሳይገልጥ እናቱን ጅብ ስለበላበት በጣቷ ወተት እያላሰች ያሳደገችው እሷ ናት። «ስመለስ በደህና ላግኘው» ብላኝ ሄደች።

ቡላ ግን አርፎ የሚቀመጥ ፍጥረት አልነበረም። ጠዋት የንብ ቀፎው ሥር አፍንጫውን ከትቶ፣ ተነድፎ ሲያለቅስ አነሳዋለሁ። ከሰዓት ደግሞ ጓሮ ካለው አሮጌ የእህል ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲጮህ አገኘዋለሁ። የገዛ ድምፁ ሲመለስለት ሌላ ውሻ ያለ ይመስለዋል መሰለኝ። ጉድጓዱን በድንጋይ ብከድነው በጎን በኩል ይጭረው ጀመር። በመጨረሻ ጓሮውን ላጥርበት ወሰንኩ።

የምናጥረው በቁልቋል ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ እሱ ዓይን ከገባ ያሳውራል። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ቆርጦ ወዲያው አይተክለውም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ከቤት ራቅ አድርጎ ያስተኛዋል። እኔ ግን ቡላ ጉድጓድ ሳይገባብኝ ብዬ ቸኮልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቆርጬ፣ እርጥቡን ተሸክሜ መጥቼ መትከል ጀመርኩ። ዶማዬን ላነሳ ዞር ብዬ ስመለስ ቡላ አንዱን ቅርንጫፍ በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። «ተው!» ስለው ጨዋታ መሰለውና ራሱን እያወዛወዘ ይነቀንቀው ገባ። ወተቱ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ያን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። በውኃ አጠብኩት፤ ዓይኖቹ አብጠው ተከደኑ። ለቁልቋል መድኃኒቱ የሴት ጡት ወተት ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ላሊበላ ገበያ ወርዷል። የምታጠባ ሴት ከየት ላምጣ? ቡላን በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

ከቆላ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ባልና ሚስት፣ በርበሬ የጫነች አህያ እየነዱ ወደ ገበያ ይሄዳሉ። ሚስትየዋ ልጅ አዝላለች።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ፤ ዓይኑ ቁልቋል ገብቶበት ነው፣ ትንሽ ወተት» አልኳት።

«ያረቢ! የስንት ወር ልጅ ነው?» ብላ ቀረበች።

ጋቢውን ገለጥ አደረግሁላት። ባልየው ሳቁን ለቀቀው። «ወላሂ እኔስ ሰው መስሎኝ! እንግዲህ ነገ አህያዋን ሲያማትም ልታልቢላት ነው!»

እሷ አልሳቀችም። ቡላ ሲንቀጠቀጥ አየችው። «ዝም በል፣ አንተ ደግሞ» አለችው ባሏን። ወደ እኔ ዞራ፣ «እኔ ውሻ አልነካም። ዕቃዬንም እንዳይነካብኝ። ከቤትህ ሲኒ አምጣ፤ አንተው ታደርግለታለህ» አለችኝ።

ሲኒና ከባለቤቴ ሙዳይ ንጹሕ ጥጥ ይዤ ተመለስኩ።

«ዞር በሉልኝ» አለችን። ባልየውና እኔ ፊታችንን ወደ አህያዋ አዙረን ቆምን። ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። «እሽሽ፣ የእኔ ጌታ፤ እንግዳ መጥቶብህ ነው» ስትለው ሰማኋት። ከዚያ ሲኒውን መሬት አስቀምጣ ራቅ አለች።

እኔም መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጥጡን እየነከርኩ ጠብ ጠብ አደረግሁለት። «ከአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ፣ እዚያ ጋ» እያለች ከሩቅ ታዘኛለች። ቡላ ጩኸቱን ቀስ በቀስ ተወ። «አላህ ይማረው» ብላ ባሏን ተከትላ ሄደች።

ለእኔ ይኸው በቂዬ ነበር። ወደ ማታ ግን ከደጄ ድምፅ ሰማሁ። ከገበያ ሲመለሱ መንገዳቸውን ትተው መጥተዋል። «ያ ልጅህስ እንዴት ዋለ?» አለ ባልየው፣ አሁንም እየሳቀ። እሷ ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ሲኒውን አምጣ» አለችኝ።

በነጋታው ቡላ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሌላኛውም ዘግይቶ ተገለጠ፤ ነጭ ነጥብ ቀረችበት እንጂ ያይበት ነበር።

ባለቤቴ አራስነቷን ጨርሳ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ልጃችንን እያጠባች ሰማችኝ። ስለ ቡላ ትጠይቀኛለች ስል፣ «ሁለት ጊዜ አለበችልህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መንገደኛ ሆና፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ ቆማ? የእሷ ልጅ ታዲያ ያን ማታ ምን ጠባ?»

እኔ ያየሁት ሲኒውን ብቻ ነበር።

ስሟን አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ መንገዱ ዳር ወጥቼ ጠብቄያለሁ፤ አላለፈችም። ያ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ ይሆናል። ከጉርሱ ለአንድ ቡችላ እንደተቀነሰበት አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ስሙን ስለማላውቀው፣ የልጆቼን ስም ጠርቼ ስጨርስ «ያንንም ሕፃን» እያልኩ ነው የምጸልይለት።