እናቴ የተቀበለችኝ ስእለት

ጎረቤቴ ቅቤ ስታነጥር ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ ተቀላቅሎ በመስኮት ሲገባ ከወንበሬ ያስነሣኛል። በረንዳ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ። ባሕር ዳር ከገባሁ ስንት ዓመቴ ነው፤ ይህ ነገር ግን አልለቀቀኝም። ትናንት መሥሪያ ቤት ምሳሽን ከፍተሽ፣ ሽታውን ብቻ ስበሽ፣ "ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ፣ እየወፈርሁ ነው" ብለሽ መልሰሽ ስትከድኚው ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ሰው በዛብን። ዛሬ ልንገርሽ።

አሥራ አንደኛ ክፍልን የተማርሁት ወረታ ነው። የእኛ ቤት ቁሐር ሚካኤል ነበር፤ አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ፣ እርሻም ያርሱ ነበር። እኔ ወረታ ላይ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በገበያ ቀን እናቴ ስንቄን ተሸክማ ትመጣለች። ከጤፍና ከሩዝ የተጋገረ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ። ነጠላዋ ወተትና ጭስ ይሸት ነበር። ገና ከበሩ ስትገባ ዕቃውን ሳታወርድ ፊቴን ታያለች። ጉንጬ ሞላ ብሎ ካገኘችው ደስ ይላታል። በእኛ መንደር ልጅሽ ወዘናዋ ያምራል ከተባለ እናት ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ ፎቶ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ በስልኳ ሦስት ሴቶች ሆነን ፎቶ አነሣችን። በማግስቱ ስልኩ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ልጅ መሐል ላይ የቆምሁትን እኔን በጣቱ ነካና "ይችማ የፎገራ ጊደር ናት" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ አብሬ መሳቄ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። እየተማርሁ የግራ እጄን አንጓ በቀኝ እጄ ጣቶች ከብቤ እለካለሁ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ ጉንጬን እፈልጋለሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት መግባት ትቼ አስፋልቱን ይዤ ወደ ይፋግ አቅጣጫ እሄዳለሁ፤ የጭነት መኪና አቧራና የናፍጣ ሽታ እየጠጣሁ፣ እግሬ እስኪዝል ሄጄ እመለሳለሁ። እናቴ ያመጣችውን ቅቤ ለአከራያችን ሰጠኋት፤ ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ መረቀችኝ። እናቴ ስትመጣ "ቅቤው አለቀ?" ትለኛለች። "አለቀ" እላታለሁ። ልጄ በላችልኝ ብላ በሚቀጥለው ገበያ አብልጣ ታመጣለች።

ሰኔ ሲገባ ወደ ቤት ሄድሁ። አባቴ የሐዋርያትን ጾም ይጾሙ ነበር፤ በቤታችን ከእሳቸው በቀር የሚጾመው አልነበረም። "እኔም ዘንድሮ እጾመዋለሁ" አልሁ። የአባቴ ፊት በራ። ያን ጊዜ መውጫ ቀዳዳዬን አገኘሁት። ጠግቤያለሁ ብል እናቴ አትለቀኝም፤ ጾም ነው ካልሁ ግን ማንም ብይ አይለኝም። ወተት ሲቀዳ፣ እርጎ ሲቀርብ፣ "ጾም ነኝ" ብዬ እነሣለሁ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ። አንድ ቀን ደውሎ "ደርሻለሁ" አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ጭራሽ አልገባ አለ። እናቴ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ መያዝ ጀመረች። ሩዝ ልታርም ውኃ ውስጥ ስትገባ እንኳ አትለየውም። አንዳንዴ ጎንበስ እንዳለች ቀና ትልና ወገቧን ትይዛለች፤ አሟት አይደለም፣ ጠራ አልጠራ እያለች ነው።

ፍልሰታን ከሁሉም ጋር ጾምሁ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ጾሙ ሲፈታ አባቴ ከቅዳሴ ገቡ፤ ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። ገበታው ቀረበ። ዶሮው፣ አይቡ፣ እርጎው፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የቅቤ ሳህን። በበሩ የገባው ብርሃን በቅቤው ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ምራቄ አፌን ሞላው። ሁሉም እጁን ሲዘረጋ እኔ እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁና "እኔ አልገድፍም። ስእለት አለብኝ። እስከ መስቀል ነው" አልሁ።

እናቴ የዘረጋችውን ጉርሻ እንደያዘች ቀረች።

"ስለ ምን የተሳልሽው ነው?" አለችኝ።

አባቴ "ተዪያት፣ ስእለት አይጠየቅም" አሏት።

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና ጉርሻውን ቀስ ብላ መሶቡ ላይ መለሰችው። ምን እንደገባት እኔ ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

በማግስቱ ላሟን አልባ ስትገባ ወተቱን ለአባቴ ቀዳችላቸው፣ ለራሷ አልቀዳችም። ቅቤ ናጠች፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ሳትልስ በውኃ ታጠበችው። እናቴ አሬራ የምትወድ ሴት ናት፤ ከመናጫው ቅል ሳትጠጣ አትነሣም ነበር። ያን ቀን ወደ ማሰሮ ገለበጠችና ከደነችው። ከሰዓት በኋላ አረም ላይ ለጎረቤታችን ስትናገር ሰማኋት፦ "ልጄ ለወንድሟ ተስላ እንዲህ አንጀቷን ስታስር እኔ እናቱ እንዴት ወተት በጉሮሮዬ ይውረድ?"

ውኃው ውስጥ እንደቆምሁ ቀረሁ። የያዝሁትን አረም ልጣለው ልያዘው ጠፋኝ።

ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ነገ እላለሁ እያልሁ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቦታ መቆም ስላልቻልሁ የሌለ ሥራ እፈልግ ነበር። ውኃ እቀዳለሁ፣ የተጠረገ ደጅ እጠርጋለሁ፣ ጥጃ አሥሬ እፈታለሁ፣ ፈትቼ አሥራለሁ። እናቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ውላ በደረቅ ሽሮ ትበላ ጀመር። መቀነቷ ወገቧን የሚዞረው በፊት ሦስቴ ከሆነ አሁን አራቴ ይዞራል። እኔ ለመክሳት ስደክም የከሳችው እሷ ሆነች። ለሰው ስለኔ ስታወራ ደግሞ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ እሱን መስማት ከረኃቡ የከፋ ነበር።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ረፋድ ላይ ሩዝ እያረምን ነበር። ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ውኃው ላይ ሲያርፍ ዓይን ይወጋል፤ የጭቃውና የለጋው ሩዝ ሽታ ያፍናል። እናቴ ከፊቴ ጎንበስ ብላ ትነቅል ነበር። ድንገት ቀና አለችና እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ሄደች። ደርሼ ያዝኋት። የማሳው ድንበር ላይ አስቀመጥኋት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

"ፀሐይ ነው" አለች። "አሁን ይተወኛል።"

"እማ፣ ስእለት የለብኝም" አልኋት።

"ምን አልሽ?"

"አልተሳልሁም። ለመክሳት ብዬ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጊደር ብሎኝ ሳቁብኝ። ከሰኔ ጀምሮ የጾምሁት ለዚያ ነው። ቅቤውንም የምታመጭልኝን ለአከራያችን ነው የሰጠሁት።"

ጣቶቿ መሐል የቀረውን ጭቃ ቀስ እያለች ታጠበችው፤ አንድ በአንድ፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ።

"ለወንድምሽ አልነበረማ" አለች በመጨረሻ።

"አልነበረም።"

"አንድ ቀንም?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ወንድሜን አስበው ነበር፤ ግን ስለሱ ብዬ አንዲት ጉርሻ እንኳ አልተውሁም። አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ራቅ ብላ ሜዳውን አየች፣ ውኃው እስከ ሰማይ ጥግ የተዘረጋውን። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እንደ መገረም ብላ፣

"ጊደር ደግሞ ምን ሆነች?" አለችኝ። "የኛን ጊደር ያየ ሁሉ አይደል እንዴ የሚመኛት? ወይ ይህ ልጅ፣ ከብት አያውቅም።"

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ልቅሶ ሆነብኝ። እሷ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ትከሻዬን ይዛ ተነሣችና "ነይ ወደ ቤት" አለች።

ቤት ስንገባ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ዱቄት አቦካች። ትኩስ ቂጣ ጋግራ፣ ጣቷን እያቃጠላት ቆራረሰችው፣ በርበሬና የነጠረ ቅቤ አፈሰሰችበት። ቤቱ በሽታው ተሞላ። ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ከፊቴ ተቀመጠች።

"አንችም ብይ" አልኋት።

"እኔማ ለልጄ ብዬ ጀምሬዋለሁ። እስከ መስቀል ብለሽ የለ? እጨርሰዋለሁ።"

"እንግዲያስ እኔም..."

"አንች ትበያለሽ። እህል እየተሳቀቁ አይበላም፤ ተሳቅቀው የበሉት ገላ አይሆንም። ብይ፣ ልይሽ።"

በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጾመኛ ስለሆነች አልቀመሰችውም፣ በግምት ነው የጨመረችው። ዝም ብዬ በላሁት። ቅቤው በክርኔ እየወረደ፣ እንባዬን በእጄ ጀርባ እየጠረግሁ በላሁት። ከዚያ ቂጣ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ሆድ ሲሞላ እግር እንዴት እንደሚረጋ ረስቼው ነበር።

ሳልጨርስ አባቴ ገቡ። ቅቤውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ስእለቱስ?" አሉ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ "እኔ ተቀብያታለሁ። እሷን ይተዋት" አለቻቸው።

አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። የገመቱት ነገር እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። አልጠየቁም። መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና ሳህኑን ባረኩልኝ፣ ከዚያ ውጭ ወጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

እናቴ እስከ መስቀል ጾመች። እኔ ከፊቷ ወተት እየጠጣሁ፣ እሷ እያየችኝ። ትምህርት ሲከፈት ወረታ ተመለስሁ፤ ያ ልጅ አንድ ሁለቴ ደገመው፣ እኔ አብሬ ስላልሳቅሁ ሰለቸውና ተወው። የእናቴን ቅቤም ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም፤ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሳትቀር እየተሻማን እንበላው ነበር።

ወንድሜ የመጣው መስቀል ካለፈ በአራተኛው ቀን ነው። ወባ ይዞት ሰው ቤት ተኝቶ ከርሟል፤ ስልኩም ጠፍቶበታል። ወንድምሽ ገባ ተብሎ ከመንደር ሲላክብኝ ከወረታ በሩጫ ደረስሁ። ዓይኑ ገብቶ፣ ትከሻው ሾሎ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ያላትን ሁሉ አቅርባለች። ሦስታችንም አንድ ገበታ ዙሪያ ሆንን። እሷ ለራሷ ሳይሆን አንዴ ለሱ፣ አንዴ ለኔ ታጎርሳለች።

"እህትህ ጾማልሃለች" አለችው። "ከፍልሰታ እስከ መስቀል።"

ወንድሜ አየኝ። "አይደለም፣ እማ ናት እንጂ እኔ..." ልል አፌን ስከፍት እናቴ ትልቅ ጉርሻ አድርጋ አጎረሰችኝ። አፌ ሙሉ ሆነ። አላምጬ ሳልጨርስ ሌላ ደገመችኝ። ወንድሜ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። እናቴ ከጀርባው ሆና በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ወንድሜ አሁን ወረታ ቤት ሠርቶ ሚስት አግብቷል። በሄድሁ ቁጥር ሚስቱን "ቅቤውን አብዢላት" ይልና ለልጆቹ ያንኑ ያወራላቸዋል፤ አክስታችሁ ለኔ ብላ እስከ መስቀል ጾማለች ይላቸዋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ልነግረው ስንቴ ተነሥቼ ተቀመጥሁ መሰለሽ። እውነቱን የምታውቀው እሷ ነበረች፣ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። አፌን የሚሞላልኝ ሰው የለም፤ ለሱ ግን አሁንም አልናገርም።