«የተሰረቀ ነው» ብዬ ያጸደቅኩት ጨዋታ

ቦንጋ ተመድቤ ኮምፒውተር ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምሠራው ሌላ ሥራ አገኘሁ። አንድ የውጭ ኩባንያ በስርቆት የሚሰራጩ የኳስ ጨዋታዎችንና ፊልሞችን ኢንተርኔት ላይ አድኖ የሚይዝ ማሽን እያሠለጠነ ነበር። ማሽኑ አጫጭር ቪዲዮዎችን ይልክልኛል፤ «ሕጋዊ ነው» ወይም «የተሰረቀ ነው» የሚል ግምቱንም አብሮ ያስቀምጣል። የእኔ ድርሻ አይቼና አዳምጬ ግምቱን ማጽደቅ ወይም መሻር ነው። ማሽኑ ከእኔ መልስ ይማራል።

የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ኳስ ማሳያ ቤት ጀርባ ነበር። አከራዬ የኳስ ቤቱም ባለቤት ናቸው፤ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ወሬ የማያበዙ የከፋ ተወላጅ። ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደረሰኝ ቪዲዮ ከስክሪን ላይ በስልክ የተቀረጸ ጨዋታ ነበር። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ጨዋታውን ከሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ድምፅ ሥር ሰዎች በከፋዎቹ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ይከራከራሉ። ከዚያ አንድ ሰው በአማርኛ ጮኸ፦

«በሩን ዝጉት እንጂ! ዝናቡ ገባ እኮ!»

ማዳመጫዬን አወለቅኩ። የጋሼ ድምፅ ነው።

ደግሜ ሰማሁት። ማሽኑ «የተሰረቀ» ብሎ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብልጭ ያለችውን ቁጥር በቀይ ከቧታል። የዲሹ መቀበያ ሣጥን፣ የዲኮደሩ መለያ ቁጥር ናት፤ ስርጭቱ ከማን ቤት እንደወጣ የምታጋልጠው እሷ ናት።

ወዲያው አላጸደቅኩም። «በኋላ» የሚለውን ተጫንኩና ሰውየውን መከታተል ጀመርኩ። ያን ሳምንት የሚያደርጉት ነገር ሁሉ አላምር አለኝ። ጣሪያው ላይ አዲስ ሽቦ ዘረጉ። ጠዋት ጠዋት አዳራሹን ከውስጥ ቆልፈው ይቆያሉ። ሁለት ጊዜ ደግሞ «ኢንተርኔት ዛሬ ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ። ኢንተርኔት ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?

ለካ እሳቸውም እኔን ሲከታተሉ ኖረዋል። ሐሙስ ዕለት ግቢ ውስጥ አስቆሙኝ።

«ቲቸር፣ ሁልጊዜ በር ዘግተሽ፣ ጆሮሽን ደፍነሽ ምንድነው የምትሰሚው?»

«የትምህርት ነገር ነው ጋሼ።»

«የትምህርት ነገር በር ያስዘጋል?»

መዋሸቴን አውቀዋለሁ። ግን የራሴን ውሸት ትቼ የእሳቸውን ጥያቄ ያዝኩ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው በሌላው በር ምን አገባው? ክፍሌ ገባሁና «አጽድቅ» የሚለውን ተጫንኩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ስክሪኑ ጠቆረ። ጋሼ ጣሪያ ላይ ወጥተው ዲሹን ነካኩ፤ ወረዱና የዲኮደሩን ካርድ ለሸጠላቸው ወኪል ደወሉ። በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ስልኩን ከጆሯቸው ሲያወርዱ ደንበኞቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«በሕገወጥ መንገድ አሰራጭተሃል ብለው ካርዴን ዘጉት» አሉ። «እኔ ምን አውቄ ነው የማሰራጨው?»

እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር፤ ካሜራ እንኳ የለውም። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቪዲዮውን ሳጸድቅ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሁለት ቀን ተብሰለሰልኩ። ሰኞ ከሥራ ስመለስ አዳራሹን ቆልፈው ወለሉን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አንኳኳሁ።

«ካርዱ የተዘጋው በእኔ ነው ጋሼ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ድምፄን ለይተሽዋል?»

«አዎ።»

«ድምፄን ለይተሽ፣ እዚሁ ግቢ እያለሁ፣ መጥተሽ አልጠየቅሽኝም።»

ያኔ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ ይሉኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ባንክ ቤት በሄዱ ቁጥር «ሲስተም የለም» ተብለው ስለሚመለሱ፣ ሳይለፉ አስቀድመው ማወቅ ፈልገው ኖሯል።

ወደ ስክሪኑ ዞሩና «ምስሉ ከየት በኩል ነው የተነሳው?» አሉ።

ከግራ፣ ዝቅ ካለ ቦታ ነበር፤ የምሰሶው ጠርዝ በትንሹ ይታያል። አግዳሚዎቹ ላይ እየተቀመጥኩ ስክሪኑን አየሁ። ሦስተኛው ላይ፣ ምሰሶው ሥር ስደርስ ከቪዲዮው ጋር ልክ መጣ። ጋሼ እዚያ ማን እንደሚቀመጥ ለመናገር አላመነቱም፦ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ስልኩን ሁልጊዜ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከግማሽ በላይ አውጥቶ ያስቀምጣል።

በማግስቱ ሰውየው ራሱ ስክሪኑ መቼ እንደሚከፈት ሊጠይቅ መጣ።

«ስልክህ የት ነው?» አሉት ጋሼ።

እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«በፊት ዋጫ ከተማ ስሠራ ላፈራኋቸው ጓደኞቼ ብዬ ነው በቴሌግራም የጀመርኩት» አለ። «እየቆየ የማላውቀው ሰው በዛ። በእርስዎ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«እሷም አላሰበችም» አሉ ጋሼ።

ሰውየው ጥፋቱን በጽሑፍ አምኖ ፈረመ፤ ጋሼ ወረቀቱን ለወኪሉ ወሰዱት። እኔም ለኩባንያው ጻፍኩ፤ ቁጥሯ ዲኮደሩ የማን እንደሆነ እንጂ ማን እንደቀረጸ አትናገርም አልኩ። ከሰው የመጣ መልስ አላገኘሁም፤ ስለ አስተያየቴ የሚያመሰግን፣ ለሁሉም የሚላክ መልእክት ብቻ ደረሰኝ። ሥራውን ተውኩት። ካርዱ የተከፈተው ከብዙ ሳምንት በኋላ በዚያ ወረቀት ነው።

ጋሼ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ከቤትም አላስወጡኝም። አዳራሹ ሲከፈት ግን በሩ ላይ ቅርጫት አስቀመጡ፤ የሚገባ ሁሉ ስልኩን እዚያ ትቶ ይገባል። አንድ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ለማየት ልግባ ብዬ ስልኬን ቅርጫቱ ውስጥ አኖርኩ።

«ቦርሳሽ ውስጥስ?» አሉኝ።

ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና አሳለፉኝ።