የታላቅ ወንድሜ የእጅ አንጓ

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ፤ እንጀራዬ አፌ ነው። ሰው ማሳቅ እችልበታለሁ። በዚሁ አፌ ታላቅ ወንድሜን ምን እንዳደረግኩት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ወንድሜ ኩልመስክ አጠገብ ገብስ ያርሳል። ከማሳው አፈር ድንጋዩ ይበዛል፤ ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር እርፉ ይነጥርና የእጅ አንጓውን ይመታዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት ወንፈል ጠርቶ እኔም ላግዝ ብዬ ሄድኩ። ላግዝ አልኩ እንጂ እርፍ ከጨበጥኩ ዘመን አልፎኛል፤ ዳር ቆሜ ጠላ ነበር የምጠጣው። ጎረቤቶቹ በየጥማዳቸው ጎን ለጎን ሲያርሱ ወንድሜ በሬዎቹን አቆመና ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ ቁጢጥ አለ።

«ምነው?» አሉት።

«አንጓዬን ወጋኝ። ትንሽ ልረፍ።»

አላስችል አለኝ። «ይህ እጅ ለእርፍ አይሆንም፤ እንዝርት አቀብሉት!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ወንድሜም ፈገግ ብሎ ተነሳና እርፉን ያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት «አመመኝ» ብሎ አያውቅም። በዚያው እጅ ሦስት ክረምት አረሰ።

ዘንድሮ ጉርሻ መጠቅለል ሲያቅተው ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ከአንጓው መሃል አንዲት የነጣች አጥንት አሳየን። ባቄላ ብታክል ነው።

«ደም የሚያደርሱላት ሥሮች ቀጫጭን ናቸው» አለ። «ደሙ ሲቋረጥባት ሞተች፤ አሁን እየፈረሰች ነው። ሕመሙ እንደጀመረህ እጅህ ታስሮ ቢያርፍ ኖሮ ልትተርፍ ትችል ነበር።» ከእንግዲህ እርፍ እንዳይጨብጥም ነገረው።

ወንድሜ ሌላ ሥራ አያውቅም። ዓይኑን ከራጁ ላይ አልነቀለም። ምናልባት አጥንቷ ያለ እኔ ቀልድም ትሞት ነበር ይሆናል፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፣ ግን አያጽናናኝም።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ወንድሙ አይደለህ? ሲያመው አላየህም?»

መናገር ነበረብኝ። ወንድሜ ቀደመኝ።

«እሱ ላሊበላ ነው የሚኖር፤ በምን ያውቃል? ደብቄው ነው።»

ሐኪሙ አመነው። እኔም አላስተባበልኩም።